ቢጫ ወረቀት የተለጠፈባቸው ሣጥኖች

የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ሥራዬ ደግሞ የአይጥ ልጆችን መመዝገብ። እርጉዞቹ አይጦች ታችኛው ፎቅ ላይ ባለ ማሽን ውስጥ ገብተው የማይክሮዌቭ ጨረር ካረፈባቸው በኋላ ወደ እኛ ክፍል ይመጣሉ። ግማሾቹ ግን እዚያው ማሽን ውስጥ ይገቡና ምንም ሳያርፍባቸው ይመለሳሉ። ሣጥናቸው ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ወረቀት ይለጠፋል። የትኛው ቀለም የየትኞቹ እንደሆነ ለእኛ አይነገረንም፤ ብናውቅ ዓይናችን ያደላል። እኔ ሲወለዱ እቆጥራቸዋለሁ፣ በየጠዋቱ እመዝናቸዋለሁ፣ ጠጉር ያወጡበትንና ዓይናቸው የተከፈተበትን ቀን እጽፋለሁ። አገር ቤት የእንስሳት ሐኪም ነበርኩ። ቶሮንቶ ገብቼ የአይጥ ሞግዚት ሆንኩ እያልኩ ባሌን አስቀው ነበር።

የክፍሉ በር ላይ ያረገዘች ሠራተኛ ለኃላፊዋ ታሳውቅ የሚል ማስታወቂያ አለ። በየቀኑ አነበዋለሁ፤ በየቀኑ አልፈዋለሁ።

ምክንያት ነበረኝ። የባለፈውን ዓመት ጽንስ ገና በሁለት ወሩ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ተናግረን፣ ተጸልዮልን፣ ሳይቆይልን ቀረ። ከዚያ በኋላ "አይዞሽ" የሚለኝን ሰው ሁሉ መሸሽ ጀመርኩ። ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር አብረውን የሚኖሩት አማቴ በዚህኛው ጊዜ አስጠነቀቁኝ። "ሆድሽ ራሱ እስኪናገር ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ለሥራ ሰዎችሽም ቢሆን" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ላቦራቶሪ እንደምሠራ እንጂ እዚያ ምን እንደምነካ አያውቁም።

ጨረር በአይጥ ጠጉር ተጣብቆ ፎቅ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ማወቁ ግን እረፍት አልሰጠኝም። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ እነሣለሁ፣ ተነሥቼ ደግሞ መቀመጫ እፈልጋለሁ። በራሴ ጊዜ ጨረር ያረፈባቸው ቢጫዎቹ ናቸው ብዬ ወሰንኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ወዲያ ቢጫ ሣጥን ውስጥ ያለው ሁሉ የቀጨጨ መሰለኝ። አንዱን ሦስት ጊዜ እመዝነዋለሁ። የፈሩት ይደርሳል እያልኩ ራሴን አስፈራራለሁ።

አንድ ጠዋት አንድ ቢጫ ሣጥን ውስጥ ሁሉም ዓይናቸውን ገልጠው አንዲት ትንሽ ብቻ ጨፍና ቀረች። መዳፌ ላይ አድርጌ ጠበቅኳት። "ግለጪ እንጂ! ምን ሆነሻል?" አልኳት በአማርኛ፣ ተቆጥቼ። አልገለጠችም። መዝገቡ ላይ "ተከፍቷል" ብዬ ጻፍኩ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ የውሸት ጽፌ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ይዤ ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። መዋሸቴን ለመናገር ምክንያቱንም መናገር ነበረብኝና "አርግዣለሁ" አልኳት። መዝገቡን ትታ እኔን አየችኝ።

"ቢጫው የትኛው ነው? እባክሽ ንገሪኝ" ብዬ ለመንኳት።

እሷም አታውቅም። ዝርዝሩ ታሽጎ ሌላ ሰው ዘንድ ነው ያለው። መስመሩን አሰረዘችኝ፣ አስፈረመችኝ፣ ከነገ ጀምሮ ወደዚያ ክፍል እንዳልገባም ነገረችኝ። "መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርሽኝም?" አለች። እሱን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቃተኝ።

ቤት ስደርስ አማቴ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። "ለአለቃዬ ነገርኳት፣ እማማ" አልኳቸው።

ቢላዋውን አስቀመጡ። "ምን ነካሽ? ምን አስቸኮለሽ?"

ያን ጊዜ ቱግ አልኩ። ስለ ማሽኑ፣ ስለ እርጉዞቹ አይጦች፣ ዓይኗን አልገልጥ ስላለችው ትንሽ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"እዚያ እየገባሽ እየወጣሽ ዝም በዪ ያልኩሽ እኔ ነኛ" አሉ። "ልጁ አንድ ነገር ቢሆን እኔ ነኛ!"

ጨረሩ ከታች እንደማይወጣ፣ አይጥ በመንካትም እንደማይተላለፍ ልነግራቸው እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ተናድጄ ነበር፤ ፍርሃቱን ብቻዬን መሸከምም ሰልችቶኝ ነበር። ያቺን ዓረፍተ ነገር የነገርኳቸው ልጄ ደህና ተወልዳ፣ እሳቸው የእጇንና የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ነው።