ጋሽ ወልዴ የዘፈኑለት እግር

ከልደታ ማርያም ጀርባ፣ ኮንዶሚኒየሙ ጥላውን ከጣለባቸው ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች በአንደኛው፣ ወጌሻው ወልደአማኑኤል ይኖራሉ። ሰፈሩ ጋሽ ወልዴ ይላቸዋል። የሚሠሩባትን ክፍል ከበድሉ ጎሚስታው ሱቅ የሚለያት አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። እዚህ የተነፈሱት እዚያ ይሰማል፤ እዚያ ጎማ ሲነፋ እዚህ አልጋው ይንቀጠቀጣል።

አንድ ሯጭ ያሸንፍ አያሸንፍ እንደሆነ ልደታ የሚያውቀው በዚያ ቆርቆሮ በኩል ነው።

ሬዲዮኖቹ የየራሳቸው ተንታኝ አላቸው። እከሊት ዘንድሮ ፍጥነት ጨምራለች፣ የኬንያዋ ልጅ ዳገት ላይ ትከብዳለች፣ የዚያ ከተማ ንፋስ ክፉ ነው እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። በድሉ ግን ሬዲዮውን ይዘጋና «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ጋሽ ወልዴ ይናገሩ» ይላል። ጋሽ ወልዴ ደግሞ አይናገሩም። ወይ ያንጎራጉራሉ፣ ወይ ዝም ይላሉ።

ሙያውን ያስተማሯቸው አጎታቸው ናቸው። ታማሚው ሕመሙን እንዲረሳ፣ እጅህ ሲሠራ አፍህም ሥራ አይፍታ ይሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ወልዴ ሳያንጎራጉሩ ሰው አሽተው አያውቁም። ድምፃቸው ሻከር ያለ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ስንጥቅ የሚል ድምፅ ነው፤ ግን ዝናብ ሊመጣ ሲል እንደሚነፍሰው ነፋስ የሰውን ልብ ወደ ሩቅ ቦታ ይወስዳል። እጃቸው ጤነኛ ሥጋ ላይ ሲሄድ ግጥሙ ራሱ እየመጣ ይፈስሳል። ጣታቸው የታመመ ቦታ ሲያገኝ ግን፣ ሳያስቡት ዝም ይላሉ። ጣታቸው ሲያዳምጥ አፋቸውም አብሮ ያዳምጣል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሰፈሩ ይህን ነገር ደጋግሞ አየው። ዝም ያሉለት ልጅ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። የዘፈኑላት ልጅ ባንዲራ ለብሳ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ማን ያስተወው። ትልቅ ውድድር በቀረበ ቁጥር በድሉ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋል፣ ባለሱቋ ዙሃራ ከባንኮኒዋ ተነሥታ ትመጣለች፣ ሌላውም ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ይለጥፋል። አሰልጣኞቹ ሳይቀሩ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ዜማው እንዳይቋረጥ ይጸልያሉ።

ከሯጮቹ ሁሉ ግን ለጋሽ ወልዴ አንዷ ሌላ ነበረች። ሌንሳ ትባላለች። ከአርሲ አዲስ አበባ ስትገባ መጀመሪያ የተከራየችው እዚሁ ግቢ ውስጥ ያለችውን ጠባብ ክፍል ነበር። አባቷን አታውቅም። ጋሽ ወልዴና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብለወንጌል ደግሞ ልጅ አልወለዱም። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ፣ በአንድ ገበታ ሲበሉ ሲበሉ ቤተሰብ ሆኑ። በኋላ ሮጣ ሰው ሆነች፤ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገባች፤ እግሯን ግን ለሌላ ሰው ሰጥታ አታውቅም። ጋሽ ወልዴም ለእግሯ ብቻ ያወጡት ግጥም ነበራቸው፦

*ይህ እግር አይደለም፣ የንፋስ ፈረስ ነው፤*
*መሬት ሳይነካ ነው ዳገት የሚወጣው።*

የበድሉ ደንበኞች ሁሉ ይህን ግጥም በቃላቸው ያውቁታል።

ሌንሳ ወለደች። ሕፃኗን እያጠባች፣ በቴሌቪዥን የሌሎቹን ሩጫ እያየች ከረመች። ስልኳም ቀስ በቀስ መጮኽ አቆመ። ከብዙ ልምምጥ በኋላ ማናጀሯ ለሚያዝያው ማራቶን፣ ያ የአውሮፓው ትልቅ ማራቶን፣ ስሟን አስገባላት። ይህ ከከሸፈ ሌላ ጥሪ እንደማይኖር በግልጽ ነግሯታል። በጠዋት ጨለማ እንጦጦ ላይ እየወጣች፣ ሰውነቷን እንደ ጠላት እያሳደደች ተዘጋጀች። ሬዲዮኖቹ ስሟን እንደገና አነሡ። አንዱ ሰውነቷ ተመልሷል አለ፣ ሌላው እናት ሆና ያን ፍጥነት ከየት ታመጣዋለች አለ። ልደታም እንደ ልማዱ ቆርቆሮው እስኪናገር ጠበቀ።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ሐሙስ ጠዋት መጣች። አሰልጣኟ ፈቃደ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ከቆርቆሮው ወዲያ የበድሉ ኮምፕሬሰር ጸጥ አለ።

ጋሽ ወልዴ የሰሊጥ ዘይቱን በእጃቸው አሙቀው በቀኝ እግሯ ጀመሩ። ዜማው መጣ። የንፋሱ ፈረስ ዳገቱን ወጣ። ከወዲያ በኩል «በል፣ በል» የሚል የዙሃራ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወደ ግራው ዞሩ። ከጉልበቷ ወረዱ፤ ቅልጥሟ ላይ፣ ከመካከሉ ዝቅ ብሎ፣ አውራ ጣታቸው አንድ ቦታ አረፈ። ሌንሳ የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠች።

ጋሽ ወልዴ ዝም አሉ።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ፣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ።

«ጋሼ፣ ይዝፈኑ» አለች፣ እሷም በሹክሹክታ።

«ሥጋ አይደለም ልጄ። አጥንቱ ነው። ዛሬውኑ ራጅ መነሣት አለብሽ።»

«ራጅ ከተነሣሁ እቀራለሁ። ከቀረሁ ደግሞ አበቃ። ፈቃደ ደጅ ነው ያለው፤ እየሰማዎት ነው።»

«ብትሮጪበት ይሰበራል።»

«ላይሰበርም ይችላል። እርስዎ እግዜር ነዎት?»

ከወዲያ በኩል በድሉ በካቻቢቴ ቆርቆሮውን ቆረቆረ። «ጋሽ ወልዴ፣ ካሴቱ ተጠመጠመ እንዴ?» አለ። ሳቅ ተሰማ። ግቢው ውስጥ የፈቃደ ቁልፍ መሽከርከር አቆመ።

ሌንሳ ቀና ብላ አየቻቸው። ያን የመጀመሪያውን ቀን፣ በፌስታል ሁለት ልብስ ይዛ ደጃፋቸው ላይ የቆመችው ልጅ ዓይን ነበር።

«አባት ቢኖረኝ ይዘፍንልኝ ነበር» አለች።

ጋሽ ወልዴ አፋቸውን ከፈቱ። የንፋሱን ፈረስ ሊጠሩት ፈለጉ፤ አልመጣም። ጣታቸው ያን ክፉ ቦታ እየሸሸ ሲሄድ፣ ከየት እንደመጣ የማያውቁት ሌላ ነገር በጉሮሯቸው ወጣ፦

*ሂጂልኝ በደህና፣ መንገዱን ያቅናልሽ፤*
*ደስ ባለኝ ነበረ፣ እኔ እግሬን ባውስሽ።*

ዜማው ያማረ ነበር። ከዚያ በፊት እንደዚያ ዘፍነው አያውቁም። ከቆርቆሮው ወዲያ ፉጨትና ጭብጨባ ተነሣ። «አለቀ፣ አንደኛ ናት። ሬዲዮኖቹ አሁን ወደ ቤታቸው ይሂዱ» አለ በድሉ፣ ኮምፕሬሰሩን እየቀሰቀሰ።

ሌንሳ ጫማዋን አስራ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ፈቃደ ግን በሩ ላይ ትንሽ ቀረ። ፊቱ ላብ አውጥቶ ነበር።

«መሐል ላይ ሲያቆሙ ልቤ ቆሞ ነበር እኮ። ደህና ነው አይደል፣ ጋሽ ወልዴ?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጋሽ ወልዴ ዘይት ያለበትን እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ እንደገና ጠረጉ።

«ሰማህ አይደል» አሉት።

«ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ» አለና ሄደ።

ምሳ ላይ ወይዘሮ ሰብለወንጌል የጾም ሽሮውን አቅርበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። አልጎረሱም።

«ደህና እግር ላላት ልጅ እግር ማዋስ ምን አመጣው?» አሉ።

ጋሽ ወልዴ እንጀራውን እንደያዙ ቀሩ። «ሰምተሽው ነው?»

«ሰፈሩ ዜማውን ነው የሰማው። እኔ ግጥሙን ሰማሁ። ሠላሳ ዓመት ስትዘፍን ሰምቼሃለሁ፣ ለማንም እግርህን አውሰህ አታውቅም። ምኗን ነው ያመማት?»

ነገሯቸው። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

«ሂድና ለፈቃደ ንገረው። ትጥላህ። ጠልታህ በሁለት እግሯ ብትሄድ አይሻልም?»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

በማግሥቱ ወጡ። ወደ ፈቃደ ከመሄዳቸው በፊት፣ እንደምነግረው ለራሷ ላሳውቃት ብለው ወደ ሰንጋ ተራ አቀኑ። ደረጃውን ወጥተው በሯ ላይ ሲደርሱ፣ ከውስጥ ሌንሳ ለሕፃኗ ስትዘፍን ሰሙ። የእሳቸውን ግጥም ነው። የንፋስ ፈረስ ነው እያለች፣ የልጅቷን ትንንሽ እግር እያሸች መሆን አለበት፤ ሕፃኗ ትስቃለች። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ለማንኳኳት አንሥተው ነበር። መልሰው አወረዱት። ምናልባት ጣቴ ተሳስቶ ይሆናል አሉ ለራሳቸው፤ አርጅቻለሁ፣ ያረጀ ጣት ይሳሳታል። ጣታቸው እንዳልተሳሳተ ግን ጣታቸው ያውቅ ነበር። ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። ሲመለሱ ልደታ ማርያም አጥር ጋ ቆሙና ግንባራቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ብዙ ቆዩ። ለእመቤታችን ሊነግሯት ያሰቡትም ከአፋቸው አልወጣ አለ።

ውድድሩ በሚካሄድበት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በድሉ ቴሌቪዥኑን በተደራረበ ጎማ ላይ አቁሞ ሰፈሩን ሰበሰበ። ለጋሽ ወልዴ ከፊት ወንበር ተሰጣቸው። ወይዘሮ ሰብለወንጌል አልመጡም።

ሌንሳ ከፊተኞቹ ጋር ነበረች። ነፋሱ ልብሷን ይመታል፤ ከተማው ግራጫ ነው፤ ከመንገዱ ዳርና ዳር ሰው እንደ ወንዝ ይጮኻል። ተንታኙ፣ ከቡድኑ ሁሉ የተረጋጋች እሷ ናት፣ ግምታችንን ማስተካከል ሳይኖርብን አይቀርም አለ። በድሉ ጎኑ የተቀመጠውን ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገው። «አሁን ገና? እኛ ሐሙስ ጨርሰናል» አለ። ሁሉም ሳቁ።

ጋሽ ወልዴ ፊቷን አላዩም። ግራ እግሯን ብቻ አዩ። መሬቱን ሲነካና ቶሎ ሲነሣ፣ ሲነካና ከበፊቱ ቶሎ ሲነሣ። በትኩስ ብረት ላይ የሚሄድ ሰው አረማመድ ነው። ሌላ ማንም አላየውም። እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ፣ ሳያውቁት ባዶ አየር ያሽ ነበር።

ፉክክሩ ሠላሳ አምስተኛውን ኪሎ ሜትር እንዳለፈ የኬንያዋ ልጅ ከቡድኑ አፈትልካ ወጣች። ሌንሳ ተከተለቻት። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ከዚያ ግራ እግሯ ከሥሯ ጠፋ። ቅርንጫፍ ሲገነጠል እንደሚሆነው፣ መላ ሰውነቷ ወደ አንድ ጎን ሄደ። የመንገዱን ዳር ብረት ለመያዝ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም። ካሜራው ትንሽ ቆየባትና ከፊተኛዋ ጋር ሄደ። ማንም ከዚያ በኋላ ስሟን አላነሣም።

በጎሚስታው ሱቅ ውስጥ በድሉ ቀስ ብሎ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ሕፃን ግራ ገብቶት ነበር።

«ዘፍነው ነበር እኮ» አለ።

«አንተ፣ ዝም በል» አለች ዙሃራ።

ጋሽ ወልዴ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ተሰናከሉ፤ የያዛቸው ሰው አልነበረም።

እዚያው ባሕር ማዶ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ በአጥንቷ ውስጥ ብረት ገባ። ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦት ልደታ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ተዘፍኖ አለፈ፤ ጋሽ ወልዴ ግን አላንጎራጎሩም። ሰው ሲመጣ ያሻሉ፣ ዝም ብለው። ሰዎቹ ከዝምታቸው መጥፎ ነገር የሰሙ እየመሰላቸው ደንግጠው ይወጣሉ። እየቆየ የሚመጣውም አነሰ። ፈቃደ በመንገድ ሲያገኛቸው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ክረምቱ ገብቶ ጣሪያው በዝናብ በሚደበደብበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ሳለ፣ በር ተንኳኳ። ሌንሳ ናት። በክራንች ቆማለች። ወይዘሮ ሰብለወንጌል አቅፈዋት አለቀሱ፤ እሷ አላለቀሰችም። ወደ ክፍሉ ገብታ ክራንቿን ቆርቆሮው ላይ አስደገፈችና፣ እንደ ድሮው አልጋው ላይ ሆና እግሯን ዘረጋች።

«ሐኪሞቹ ምን አሉሽ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ጊዜ ያሳየናል አሉ። ማናጀሩም ጊዜ ያሳየናል አለ። ሁሉም የሚናገረው እያዘነልኝ ነው።» ጣሪያውን እያየች ነበር የምትናገረው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ያስዋሸሁዎት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን እንደ ጥንቱ ይሁንልኝ። የሚሮጥ እግር ከሆነ ይዝፈኑልኝ። ካልሆነ ዝም ይበሉ።»

«ልጄ...»

«አይናገሩ። ወይ ይዝፈኑ፣ ወይ ዝም ይበሉ።»

ዘይቱን በእጃቸው አሞቁ። ከቆርቆሮው ወዲያ የበድሉ ኮምፕሬሰር ድንገት ጠፋ። ክራንቹ ቆርቆሮውን ሲነካ ሰምቶ መሆን አለበት። ሰፈሩ ለዘመናት ተጨናንቆበት የነበረው ቦታ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ጣታቸውን ቅልጥሟ ላይ አሳረፉ። ስፌቱን አለፉ። ከሥጋው በታች ብረቱን፣ ከብረቱ ጎን የጠመመውን አጥንት፣ ከላይ ደግሞ የሟሸሸውን ባት ዳሰሱ፤ ያ እንደ ፈረስ ይጎለብት የነበረ ባት። በደረታቸው ውስጥ ዜማው ነበር። ሞልቶ ነበር። የንፋሱ ፈረስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጥሩኝ ይል ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ቢለቁ ይችን ልጅ ለአንድ ክረምት ደስ ያሰኟት ነበር።

ጥርሳቸውን ነከሱ። እንባቸው ዘይቱ ላይ ተንጠባጠበ፤ እጃቸው ግን አላቆመም፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ፣ እስከ ጉልበቷ ወጣ። የቆርቆሮው ውኃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ሌንሳ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ሰማሁ» አለች።

ከቆርቆሮው ወዲያ፣ ብዙ ቆይቶ፣ በድሉ ኮምፕሬሰሩን ቀሰቀሰ።