አሚን ያስባልኩበት ማስታወቂያ

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለጓደኞቼም፣ ፊታቸው ቆሜ ስለ ግልጽ ጽሑፍ ለማስተምራቸው ተማሪዎቼም። ለእርስዎ የምነግረው ምናልባት ስለማያውቁኝ ይሆናል። ብቻ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

የማስተምረው የሥራ ጽሑፍ ነው፦ ደብዳቤ፣ ማስታወቂያ፣ በቴሌግራም የሚላክ አጭር መልእክት ሳይቀር። "ከመጻፋችሁ በፊት አንባቢያችሁን እወቁ" እላለሁ፤ ሰሌዳው ላይ ጽፌም አሰምርበታለሁ። ምክሩ ትክክል ነው። አንባቢን ማወቅ ሰውን ለመጉዳትም እንደሚያገለግል ግን አልነግራቸውም። እኔ አንባቢዎቼን አሳምሬ አውቃቸው ነበር። የበደልኳቸውም በዚያው እውቀቴ ነው።

መምህርት ከመሆኔ በፊት ካዛንቺስ ውስጥ፣ ለሕንጻዎች የጽዳት ሠራተኛ በሚያቀርብ አንድ ድርጅት፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ነበርኩ። ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ጽሑፌም ይወደድልኝ ነበር። ኢድ አል ፈጥር ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ አስጠሩኝ። የሠራተኞች ውል ሊታደስ ነው። እስከ ረቡዕ ድረስ ባምቢስ ወዳለው ዋና ቢሮ ሄዶ ያልፈረመ ሰው፣ በፈቃዱ ሥራ እንደለቀቀ ይቆጠራል።

"ስሚ፣ ሁሉንም መያዝ አንችልም" አሉኝ። "ማስታወቂያው ይውጣ፤ ግን ግርግር አይፍጠርብኝ። ማለቴ... አንቺ ታውቂበታለሽ፣ በቃ።"

ገባኝ። አልገባኝም ነበር ብል ዛሬ በቀለለኝ፤ ግን ገብቶኛል። ብዙ ሰው እንዳይመጣ ነው የፈለጉት።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ማስታወቂያውን በምርቃት ጀመርኩት። በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በዓል ሲመጣ መመራረቅ ልማዳችን ነበር፤ ክርስቲያኑ ለኢድ፣ ሙስሊሙ ለፋሲካ። ምርቃት ደግሞ ያለ አሜን አይታለፍም። ሰው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ያያል፣ አሜን ይላል፣ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ይህን አውቅ ነበር። ስለዚህ ምርቃቱን አረዘምኩት፤ ጤናውን፣ ሰላሙን፣ በረከቱን ደረደርኩት። ከሥሩ "አንዳንድ የአሠራር ማሻሻያዎች" አልኩ። ከዚያም በታች፣ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ፣ ረቡዕንና ፊርማውን ቀበርኩ። መዝጊያውም ምርቃት ሆነ። ዘዴውን አቶ ግርማ አልነገሩኝም፤ የራሴ ነው። እንዲያውም አምሮልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሜኑ ጎረፈ። እትዬ ዘይነባ የመለሱት በድምፅ ነበር፦ "አሚን! አሚን የኔ ልጅ፣ አላህ ያክብርሽ! ይሄን ሁሉ ምርቃት ከየት አመጣሽው?" እትዬ ዘይነባ የእኛን ፎቅ የሚያጸዱ፣ ከወሎ መጥተው ቄራ አካባቢ ሁለት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ስገባ "ዳይሬክተሯ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ማክሰኞ ደረጃ ላይ ተገናኘን።

"ያ መልእክትሽ እንዴት ይረዝማል!" አሉኝ። "ልጄ ግማሹን አንብባልኝ ደከማት። ከሥሩ ሌላ ነገር አለው እንዴ?"

ደረጃው ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ነገ ባምቢስ ሄደው ይፈርሙ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ለእሳቸው ብናገር ለሁሉም ይነግራሉ፤ አቶ ግርማም ማን እንደተናገረ ይጠይቃሉ።

"አይ፣ ሰላምታ ነው። የቀረው እንዲሁ የቢሮ ወሬ ነው" አልኳቸው።

"እንዲያ በይኝ" ብለው ሳቁና መወልወላቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ስደርስ ጥበቃው እትዬ ዘይነባን በር ላይ አስቁሟቸው ነበር። ያልፈረሙ ሌሎችም አብረዋቸው ቆመው ነበር። አቶ ግርማ ወርደው ስልካቸውን አሳዩአቸው።

"ይኸው ደርሶዎታል። አሚንም ብለዋል እኮ!"

እትዬ ዘይነባ ስልኩን አላዩም። እኔን ነው ያዩኝ።

"አሚን ያልኩት ለምርቃቱ ነበር" አሉ።

ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ጠይቄሽ አልነበር ወይ አላሉኝም። እኔስ? ጠይቀውኝ ዋሽቻቸዋለሁ ብዬ ብናገር በሩ ይከፈትላቸው ነበር? አላውቅም፤ አልሞከርኩትማ። መታወቂያዬን አሳይቼ በዚያው በር ገባሁ። እትዬ ዘይነባ ከዚያ በኋላ በየሰው ቤት ልብስ እያጠቡ እንደሚኖሩ፣ ትልቋ ልጃቸውም ትምህርቷን ወደ ማታ አዛውራ ሥራ እንደገባች ከሌሎቹ ሰማሁ።

ዛሬ ያንን ማስታወቂያ ለመጥፎ ጽሑፍ ምሳሌ አድርጌ አስተምርበታለሁ። "አንድ ሰው የጻፈው ነው" እላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ የጻፈው ሰውዬ ግን አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅበት?"

"ምን አውቆ! ፋራ ሆኖ ነው እንጂ!" አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። "ሳያውቅበት ነው" ብዬም መለስኩ።

ዋሸሁ። አውቄ ነው የጻፍኩት። ደረጃው ላይም አውቄ ነው የዋሸሁት። ወጣትነቴን፣ አለቃዬን፣ ፍርሃቴን ምክንያት ማድረግ እችል ነበር፤ ግን እነዚህ ሁሉ ሌላ ምርቃት ናቸው፣ ዋናውን ነገር መሸፈኛ።

ከእርስዎ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ለእትዬ ዘይነባ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። በሰላምታ እጀምራለሁ፤ ሰላምታው ሲረዝም ያንን ማስታወቂያ የጻፈው እጅ እንደሆነ አውቀውና አጠፋዋለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ቄራ እሄዳለሁ። በራቸውን ሲከፍቱልኝ፣ ነውር ቢሆንም፣ ጤና ይስጥልኝ አልልም፤ ልጆችዎ እንዴት ናቸው ብዬም አልጠይቅም። መጀመሪያ ከአፌ የሚወጣው "እትዬ ዘይነባ፣ ያን ቀን ደረጃው ላይ አውቄ ነው የዋሸሁዎት" የሚለው ይሆናል። ከዚያ ዝም ብዬ የሚሉኝን እሰማለሁ።