ለመሸነፍ የተጫወትኩት ጣውላ

በ1990 ዓ.ም. ክረምት፣ ሱዳን ውስጥ ባሱንዳ በምትባል መንደር እያለን የሆነ ነው። ለልጆቼ እንኳ አውርቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ በስልኳ ጣውላ፣ ያን በዕጣ አጥንት ጠጠር የሚነዳበትን የሰሌዳ ጨዋታ፣ ስትጫወት አየሁና «ያቺን ጠጠር ብቻዋን አትተያት» አልኳት። ደንግጣ ቀና አለች። ሶላቷን የማታሳልፍ እናቷ ጣውላ ከየት ታውቃለች?

ያስተማረኝ አባቴ ነው። ድንበሩ ላይ፣ ገላባት፣ ሻይ ቤት ነበረው። «ጠጠርሽን ነጠላ አትተዪ፤ ከተመታች ከመጀመሪያው ትነሳለች። ሁለት ሁለት እያደረግሽ ቤት ያዢ። ስትቀድሚ ሩጪ፤ ስትቀደሚ ተጋጣሚሽ ሰፈር አንድ ቤት ይዘሽ ታገሺ» ይለኝ ነበር። ካገባሁ በኋላ ግን ዘህሩን፣ ማለትም ሁለቱን ባለነጥብ አጥንቶች፣ መወርወር ለሃይማኖቴ እንደማይገባ ተረድቼ ተውኩት።

በዚያ ክረምት ባለቤቴ ለሸቀጥ ከሰላ ሄዶ መንገድ ተዘጋበት። የስምንት ወር ልጃችን ሐያት ሦስት ቀን በትኩሳት ነደደች። በአራተኛው ቀን ጧት ዓይኗ ተገለበጠ፤ ተንቀጠቀጠች። የመንደሩ ሐኪም «ገዳሪፍ አድርሻት፤ እኔ ጋ መድኃኒት አልቋል» አለኝ። በክረምት የመረሬው ጭቃ መኪና ይውጣል። የሚያልፈው የዑመር ትራክተር ብቻ ነበር።

ዑመር ሱዳን ያደገ ጎንደሬ ነው። ከባለሱቁ ከሰይድ ጋር፣ ሱቁ በረንዳ ላይ፣ ጣውላ ሲጫወት አገኘሁት። አንድ ጊዜ ተሸንፎ በወጣበት ቀን ትራክተሩ ጅረት ውስጥ ተገልብጦበታል፤ ከዚያ ወዲህ በተሸነፈበት ቀን ሞተር አያስነሳም። ያን ጧት ሰይድ ሁለቴ አሸንፎታል።

«ወንድሜ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አልኩት።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እንዲህ ተሸንፌ ከወጣሁ ሦስታችንም እንሞታለን። ላሸንፍ፣ ያኔ እንሄዳለን።»

ሰይድን ወደ ጎን ጠርቼ ተሸነፍለት ብዬ ለመንኩት።

«ጨዋታዬን አብጠርጥሮ ያውቀዋል፤ ይነቃብኛል» አለኝ።

«እንግዲያው ከኔ ጋር ተጫወት» አልኩት ዑመርን።

ሳቀ። «አንቺን ባሸንፍ ምኑ ይቆጠርልኛል?»

ለቀልድ ብሎ ግን ጠጠሮቹን ደረደረ። እኔን ማሸነፉ እንዲቆጠርለት መጀመሪያ እኔ ማሸነፍ ነበረብኝ። ሐያትን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ቢስሚላህ ለማለት እንኳ አፍሬ ወረወርኩ። አባቴ እንዳለው ቤት ከቤት አጠገብ ያዝኩ፤ መውጫ አሳጣሁትና አሸነፍኩ። በረንዳው በሳቅ ተናወጠ።

«ዑመር፣ ቁልፉን ስጣትና እሷ ትንዳ!» አለው ሰይድ።

«ኸላስ፣ በቃ! ድገሚ!» አለ ዑመር፤ ላብ አጥምቆታል።

አሁን መሸነፍ አለብኝ። የተማርኩትን ሁሉ ገለበጥኩት። ቤቶቼን አፈረስኩ፤ ጠጠሮቼን ነጠላ ነጠላ በተንኳቸው። እሱ ግን አይመታም፤ ዘህሩ እምቢ አለው። ለኔ ስድስት በስድስት ይመጣል፤ ደግሞ አምስት በአምስት። የልጄ ትንፋሽ እየተቆራረጠ፣ እኔ እያሸነፍኩ ነው። እንባዬ መጣ። «ያ ረቢ፣ ድሉን ውሰድልኝ» አልኩ በሆዴ።

አንዷን ጠጠር ሳላሻግር ወደኋላ አስቀርቻት ነበር። መሮጥ ሲገባኝ ቆምኩ። ዑመር አራትና ሁለት ጣለና መታት። ከዚያ በሩን ሁሉ ዘጋባት፤ እሷ ሳትወጣ እሱ ጠጠሮቹን ጨርሶ አወጣ።

«ገደልኩሽ!» ብሎ ዘለለ። «ልጅቷን ሸፍኛትና ውጪ!»

የትራክተሩ ጎማ ክዳን ላይ ተቀምጬ፣ ላስቲክ ተከናንበን፣ ጭቃው ፊቴ ላይ እየተረጨ ሄድን። ዑመር መንገዱን ሁሉ ያቺን ጠጠር እንዴት እንደመታት ይተርክልኛል። መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ገዳሪፍ ሆስፒታል ደረስን። ሐያትን ወዲያው መርፌ ወጓት፤ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ዛሬ እሷም እናት ናት፤ አልሐምዱሊላህ። ያን ዘህር በመወርወሬ ጥፋት ካለብኝ ይቅር ይበለኝ እላለሁ።

ሆስፒታል በገባን ማግስት ጧት ሐያት ጡት ያዘች። እሷን ለነርሷ አደራ ብዬ ዑመርን ፍለጋ ወጣሁ። ማታለሌ ከብዶኝ ነበር፤ እውነቱን ልነግረው ነው። ከሆስፒታሉ በር ማዶ ሻይ እየጠጣ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ጨዋታውን ያወራል።

«መጣች! ንገሪያቸው እስቲ፣ አላሸነፍኩሽም?» አለኝ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ትራክተሩ እስከ መሪው ጭቃ ለብሶ ከኋላው ቆሟል። ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ሊመለስበት ነው።

«አሸንፈኸኛል» አልኩት።