የአርባው ቀን ምላጭ

ያሳሰረኝ አፌ ነው። ወረታ ላይ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚገናኙበት ኬላ ከባጃጅ አውርደው ቦርሳዬን ሲፈትሹ አሥራ አንድ ምላጭ አገኙ። በዚያን ሰሞን አሥራ አንድ ምላጭ ይዞ መገኘት ደግ ነገር አልነበረም። ቢሆንም አፌን ብዘጋ ኖሮ ሁለት ጥፊ አቅምሰው ይለቁኝ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። የኬላው መርማሪ አንዱን ምላጭ አንስቶ ጥቁሩን እጀታ ሲያገላብጠው ግን አላስቻለኝም።

«ዞጲ ነው» አልኩት። «እንዲህ ያለ እንጨት ደጋ ላይ አይገኝም። ከቆላ፣ ከጠረፍ አካባቢ ራሴ ሄጄ መርጬ ነው የማመጣው። ውሃ ላይ ቢጥሉት ይሰምጣል።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። «ራስህ ትሄዳለህ?»

«በዓመት ሁለት ጊዜ።»

«እዚያስ ማንን ታገኛለህ?»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ግን ረፍዷል። ቆላው በዚያ ዓመት የታጠቁ ሰዎች አገር ነበር። እኔ ስለ እንጨቴ ስኩራራ እሱ የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር።

ሥራዬ ለሚታጠፍ ምላጭ እጀታ ማበጀት ነው። የድሮ ጸጉር አስተካካዮች ብረቱ ደህና ሆኖ እጀታው የተሰበረ ምላጭ ይልኩልኛል፤ እኔም ከዞጲ ወይም ከወይራ አዲስ እጀታ አበጅቼ እመልስላቸዋለሁ። ይህን ሁሉ ለመርማሪው ነገርኩት። ወረቀት ተደብቆበት እንደሆነ ልይ ብሎ አሥራ አንዱንም እጀታ ፊቴ በመዶሻ ፈለጣቸው። ሲመታኝ አላለቀስኩም ነበር። ዞጲው እንደ ከሰል ሲፈረካከስ ሳይ ግን እንባዬ መጣ፣ አፈርኩም። «ለእንጨት ታለቅሳለህ?» አለኝ።

ያስገቡን ባዶ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ነው። ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። የሩዝ ቅርፊት ወለሉን ሞልቶታል፤ አንገት ውስጥ ይገባል፣ ያሳክካል፣ ሲተነፍሱት ያስነጥሳል። ክረምት ስለነበረ ውጭው ሜዳ ሁሉ ውሃ ተኝቶበት እንቁራሪቱ ቀን ሳይቀር ይጮሃል። የምናየው አልነበረም፤ እንሰማዋለን እንጂ። መጠጥ ውሃ በቀን ለአንድ ሰው ሁለት ኩባያ ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው። ጢማቸው ነጭ ሆኖ ሳይበጠር አድጓል። በእኛ አገር ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጢሙን አይነካም፤ የሟቹ አርባ ሲወጣ ዘመድ ይላጨዋል፣ ሐዘኑም በዚያ ይቆማል። ስለዚህ ሳልጠይቃቸው ማን ሞቶባቸው ይሆን እያልኩ ነበር።

«ምላጭ ትሠራለህ አሉ?» አሉኝ።

«እጀታውን ነው አባቴ። ምላጩን ሌላ ነው የሚሠራው።»

«ያው ነው። እጀታ ካለ ምላጭ አይታጣም።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ። «ባለቤቴ በሚካኤል ለት አረፈች። ቀብሬ፣ ሰልስቷን አውጥቼ፣ ገና ድንኳኑ ሳይነቀል ወሰዱኝ። ለለቅሶ ከመጡት ውስጥ የሚፈለጉ ልጆች ነበሩ አሉኝ። ለቅሶ የመጣን ሰው አንተ ማነህ ተብሎ ይጠየቃል?»

«አይጠየቅም።»

«እኔም አልጠየቅሁም። እንግዲህ ያ ነው ጥፋቴ።» ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «አርባዋ በመጪው ማርያም ለት ነው። ቤቴ ብሆን ወንድሜ ይላጨኝ ነበር።»

«ሰው ያውቅልዎታል አባቴ። ታስረው ነው ይላል።»

«የሰውን ተወው። እሷ ምን ትላለች? አርባ ዓመት ማርያምን ስትዘክር ኖራ፣ በማርያም ለት አርባዋ ሲወጣ እኔ ይኸን ይዤ ልቀመጥ? ሰው ያላት አትመስልም።»

ለማርያም ስምንት ቀን ቀርቷል። ሰውየው ስለ ነጻነታቸው አንድ ቃል አላወጡም፤ የፈለጉት ይህን ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ራሴ እንጂ ስለ ማንም ሳላስብ የሰነበትኩ ሰው ነኝ። ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። «እሞክራለሁ» አልኳቸው።

ለማስረጃ የተያዘውን ዕቃ የሚጠብቀው አንድ ሳጅን ነበር፣ የይፋግ ሰው። ከቤት የሚመጣልንን ምግብም ፈትሾ የሚያስገባው እሱ ነው። ጠዋት ውሃ ሲሰጠን ቀስ ብዬ ጠየቅሁት።

«አብደሃል? ለእስረኛ ምላጭ?»

«እርስዎ በር ላይ ቆመው እያዩ ነው። ወዲያው ይመለሳል።»

«ምላጭህ ሁሉ ባዶ ብረት ነው። እጀታ በሌለው ብረት የሽማግሌውን ጉሮሮ ብትበጣው የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«እጀታ ካበጀሁለትስ?»

«በምን?» አለኝ። በቁጣ ሳይሆን የምር ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእናቴ አርባ ሲወጣ እኔም ተረኛ ነበርኩ።» ብሎ በሩን ዘጋው።

እሺ አላለም፤ እምቢም አላለም። ለእኔ በቂዬ ነበር።

የሽማግሌው ሴት ልጅ ምግብ ስታመጣ የወይራ መፋቂያም ትልክ ነበር። ለአንድ ሽማግሌ አፍ ሳይሆን ለመንደሩ ሁሉ የሚበቃ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ዱላ ነው። አንዱን መረጥኩ። ከጆንያ መደርደሪያው ጣውላ ላይ ሚስማር ነቅዬ፣ ሲሚንቶው ላይ ስዬ፣ መፋቂያውን በርዝመቱ ሰነጠቅሁት። ወይራ እርጥቡን ከሠሩት ሲደርቅ ይጣመማል። ስለዚህ ሁለቱን ግማሾች እንዲደርቁ ብብቴ ሥር ይዤ መተኛት ጀመርኩ። ጓደኞቼ «ትኩሳትህ ስንት ደረሰ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም እስቃለሁ። ከታሰርኩ ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ከአምስት ቀን በኋላ ወለሉ ላይ እየሞረድኩ ቅርጽ አወጣሁለት። ለማለስለስ ከረጢት ቁራጭ ላይ የሩዝ ቅርፊት አድርጌ አሸሁት። የሩዝ ቅርፊት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ይህን የፎገራ ሰው ሆኜ ድሮም አውቀዋለሁ፣ ቤቴም የምጠቀመው እሱን ነው። ያ ሲያሳክከኝ የነበረ ቆሻሻ እጄ ውስጥ ሲሠራልኝ ደስ አለኝ። ችግሩ ብረቱ አጠገቤ አለመኖሩ ነው። በሁለቱ ግማሾች መካከል የሚገባውን የብረቱን ጭራ ውፍረት በጣቴ ትዝታ ገመትኩ። ቀዳዳውን በሚስማሩ ጠምዝዤ በሳሁት።

ማርያም ለት ገና ሲነጋ የመኪና ድምፅ ሰማን። ስማችንን ጠሩ። ሁላችንም ወደ ደብረ ታቦር ልንዛወር ነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ማጠፍ ጀመሩ። እጃቸው ግን ጋቢውን ሊያጥፈው አልቻለም። ደጋግመው አጠፉት፣ ደጋግሞ ተፈታባቸው።

በሩ ተከፈተና ሳጅኑ ገባ። ከኮቱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። «ቶሎ በል» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ።

ከአሥራ አንዱ ብረት ወፍራሙን ነበር ያመጣልኝ። ጭራው አልገባ አለ። ተንበርክኬ የእጀታውን ውስጥ በሚስማሩ እፍቅ ጀመር፤ ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ሲገባ ሚስማሩን እንደ ብሎን አሳልፌ፣ ከሽማግሌው ጋቢ ላይ በተመዘዘ ክር ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። በሕይወቴ ሰው ላጭቼ አላውቅም። ሃያ ዓመት እጀታ ሠርቻለሁ፣ ማንንም ግን አልላጨሁም።

ሰዎቹ ያን ጠዋት የደረሳቸውን ውሃ በየተራ አንድ ጣሳ ውስጥ ገለበጡ። እንዲያደርጉ የጠየቃቸው የለም። ከዚያ በኋላ ውሃ መቼ እንደምናገኝ አናውቅም ነበር። አንዱ የልብስ ሳሙና ቁራጭ አቀበለኝ። ሽማግሌው ጋቢውን ትተው ወለሉ ላይ ተቀመጡና አንገታቸውን ቀና አደረጉልኝ። የደም ሥራቸው ሲመታ አየዋለሁ።

«ሳጅን! ምን ትሠራለህ?» የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ።

«የተያዘ ዕቃ እየቆጠርኩ ነው!» አለ ሳጅኑ። «አንድ ጎድሎኛል!»

እውነቱን ነው፤ ጎድሎታል።

በአንድ ጉንጫቸው ጀመርኩ። ስቸኩል ቆዳቸውን ነካሁትና ደም ብቅ አለ። ክው ብዬ ቀረሁ።

«ቀስ በል ልጄ» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እሷ ችኩል ሰው አትወድም ነበር።»

ቀስ አልኩ። ጥሩምባው ጮኸ፣ ሰው ተሳደበ፣ እኔ ግን ቀስ አልኩ። ስጨርስ የአዛውንት ፊት ሳይሆን የሌላ ሰው ፊት ወጣ፤ ጉንጩ የገባ፣ አገጩ ትንሽ የሆነ። ድቁና የነበረው አንድ እስረኛ አጠር ያለ ጸሎት አደረሰ። ሁላችንም ተነስተን ቆምን። በየተራ እየጨበጥን «እግዜር ያጥናዎ» አልናቸው። መጨረሻ ላይ ሳጅኑ ባርኔጣውን አውልቆ እሱም ጨበጣቸው። ምላጩን አጥቤ፣ አጥፌ በሁለት እጄ መለስኩለት። «አሥራ አንድ፣ ሞልቷል» ብሎ ወጣ።

የጭነት መኪናው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሜዳው ውሃ ሞልቶት ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ብሏል። ሽማግሌው ባዶ ጉንጫቸውን ደጋግመው ይዳስሳሉ። ያመማቸው መስሎኝ ጠየቅኋቸው።

«የለም፣ አላመመኝም» አሉ። ቆይተው፣ ለእኔ ሳይሆን ለሜዳው የሚናገሩ በሚመስል ድምፅ፣ «አሁን ሞተች» አሉ። ከዚያ በኋላ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ለያዩን። እኔን ከስድስት ወር በኋላ ያለ ክስ «ሂድ» አሉኝ። አሁንም ወረታ እጀታ እሠራለሁ፤ ቆላ መሄዱን ግን ትቻለሁ። እሳቸው ተፈቱ ይሁን አልተፈቱ አላውቅም። ቁሐር ሚካኤል ሩቅ አይደለም፤ በባጃጅ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ብዙ ጊዜ ልሄድ ተነስቼ ተመልሻለሁ። ቤታቸው ደርሼ ሳንኳኳ፣ ጢሙን ያሳደገ ወንድማቸው በር እንዳይከፍትልኝ እፈራለሁ።