ኤክስፓየር

ልጅ እያለሁ «ኤክስፓየር» ለእኔ የሱቅ ቃል ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ ቂርቆስ የከፈታት ሱቅ ሳሙናና በርበሬ ትሸት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ብስኩቱን እያገላበጥኩ ቀኑ ያለፈበትን እለይለታለሁ። «ኤክስፓየር ያደረገ ለሰው አይሸጥም፤ ሐራም ነው» ይለኛል።

ሰኔ ላይ የእንግሊዝኛ መምህራችን ያንኑ ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ከላቲን የመጣ ነው፣ መነሻው «ወደ ውጭ መተንፈስ» ማለት ነው አሉን። ከዚያ የመጨረሻዋን ትንፋሽ ማውጣት፣ ማለትም መሞት ሆነ፤ ኋላም ጊዜው ላለፈበት ነገር ሁሉ ዋለ። «ሐኪሞች ዛሬም ሰው ሲሞት ኤክስፓየር አደረገ ይላሉ» ብለው የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው አራገፉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አባቴ አስም ነበረበት። ብርድ ሲመጣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ አጠገቡ ስቀመጥ ጆሮዬ ትንፋሹ ላይ ሆነ፤ ወጥቶ እስኪመለስ የእኔም ይያዛል።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ተዘግቷል። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው፣ «አባትሽን አሞት እናትሽ ካዛንቺስ ክሊኒክ ወስዳዋለች፤ እኔ ጋ ጠብቂ» አሉኝ። ማን ሊጠብቅ! ቦርሳዬን እንዳዘልኩ በዝናቡ ሮጥኩ።

የክሊኒኩ ኮሪደር በረኪና ይሸታል። ከአንድ የተዘጋ በር ጀርባ እናቴ «ያ ረቢ!» ስትል ሰማሁ። ወዲያው የነርሷ ድምፅ ተከተለ፦ «ኤክስፓየር አድርጓል እኮ!»

ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እንባ እንኳ እምቢ አለኝ። ዘበኛው አይተውኝ «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ።

«አባቴ ሞተ» አልኳቸው።

ደንግጠው በሩን ከፈቱት። አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ነርሷ በአፉ የሚስበውን የአስም መድኃኒት ይዛ፣ «ቀኑ ካለፈበት ስንት ጊዜው! ለዚህ ነው ያልሠራልዎት» ትለዋለች። እናቴ እያለቀሰችም ተቆጣች፦ «ለሰው ብስኩት የምትከለክል ሰውዬ፣ ለራስህ ሲሆን ጊዜ!»

አልጋው ላይ ወጥቼ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጠፍኩ። ሲር ሲር ይላል። እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ አላስታውስም። «አለሁ እኮ፣ የኔ ልጅ» አለኝ፣ እርጥብ ፀጉሬን እየዳበሰ።

ያ ክሊኒክ ዛሬ ፈርሷል፤ በዚያ ሳልፍ የቱ ጋ እንደነበር እንኳ ይጠፋኛል። አባቴ አርጅቶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ደውዬለት ካላነሳ ያው ፍርሃት መጥቶ ይይዘኛል። ልጅ ሆኜ ግን ሮጬ እደርስበት ነበር። አሁን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ስልኩ ሲጠራ፣ ሲጠራ እሰማለሁ።