ደብሪቱ ሪፖርቱን አላጸድቅም ያለች ዕለት

ደብሪቱን የማያውቅ ሰው የካ ውስጥ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው ወይ ከቤቱ የማይወጣ። ዕድሜዋን ሙሉ ኮተቤ አንድ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለች። ታክሲ ውስጥ ስትገባ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ሳይቀር «ቲቸር፣ እዚህ ጋ» እያለ ወንበሩን ይለቅላታል። ጡረታ ወጥታም ሸራ ጫማዋን አላወለቀችም። ለቅሶ ቤት ሁሉ በሸራ ጫማ ትመጣለች፤ የማፍረው እኔ ነኝ።

እኔ ዘሙሩድ እባላለሁ፤ ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። እሷ ስትጾም እኔ እበላለሁ፣ እኔ ስጾም እሷ ትበላለች፤ በሌላው ነገር ግን አንላቀቅም። ሁለታችንም የወረዳችን ምክር ቤት አባላት ነን፣ ያውም አንድ ኮሚቴ ውስጥ። ሥራችን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አልጋ ላይ ለዋሉ አረጋውያን ቤታቸው ድረስ የሚሰጠውን እንክብካቤ መቆጣጠር ነው። እነሱ ይሠራሉ፣ እኛ እናያለን፣ እንጠይቃለን፣ በመጨረሻም ሪፖርታቸውን እናጸድቃለን። ሳናጸድቅ የቀረንበትን ጊዜ ግን አላስታውስም። አፈ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል፣ እናጨበጭባለን፣ ለስላሳችንን ጠጥተን ወደየቤታችን እንሄዳለን።

ባለፈው ኅዳር የመስክ ጉብኝት ወጣን። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሕሩይ በመኪና ይዞን አስፋልት ዳር ካሉት ቤቶች አስገባን። አረጋውያኑ ታጥበዋል፣ አንሶላው ነጭ ነው፣ ሁሉም ይመርቁናል። ደስ ብሎኝ ልመለስ ስል ደብሪቱ አንገቷን ወደ ዳገቱ አቀናች።

«ከላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያሉትስ?» አለች።

«እዚያ መኪና አይወጣም፣ ቲቸር» አላት ሕሩይ። «እነሱን በስልክ ነው የምንከታተላቸው። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሲያስቸግር ጀመርነው፤ ጥሩ ሆኖ ስላገኘነው ቀጠልንበት። ሁሉም መርካታቸውን ገልጸዋል።»

«እኔ መኪና ነኝ እንዴ?» አለችና መውጣት ጀመረች። እኔን ማን ጠየቀኝ? ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ ያንን ዳገት እሷን እየረገምኩ ወጣሁት። እሷማ ተማሪ እንደምታሯሩጥ ሁሉ «በአፍንጫሽ ተንፍሺ!» ትለኛለች።

የገባነው ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ቤት ነው። ግንበኛ ነበሩ፤ እዚያ ሰፈር ያለውን የድንጋይ አጥር አብዛኛውን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ናቸው። ልጃቸው ሐመልማል ዳቦ ቤት ተቀጥራ ስለምትውል ቀን ቀን ብቻቸውን ናቸው። ገና ሲያዩን ፊታቸው በራ። «ግቡ፣ ግቡ፣ ምነው ቤቱ ባዶ በሆነበት ቀን መጣችሁ» እያሉ የምንቀመጥበትን በዓይናቸው ይፈልጉልናል።

«ጋሼ፣ የጤና አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ተመስገን። ይደውሉልኛል፣ አይረሱኝም። ይኸው እናንተም መጣችሁልኝ፤ ምን ጎደለብኝ?»

እኔ በቃኝ፣ ልነሳ ነው። ደብሪቱ ግን አልጋው አጠገብ ቆማ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና እስቲ ትንሽ ላገላብጥዎ» ብላ ትከሻቸውንና ዳሌያቸውን ደግፋ ወደ ጎን አዞረቻቸው። ከወገባቸው በታች ያለውን ቁስል ያኔ አየሁት። መዳፌን ያህላል፤ መሃሉ ጠቁሯል። ከቤት ወጥቼ አንድ ባሕር ዛፍ ተደግፌ አለቀስኩ። ስመለስ ልቅሶው ንዴት ሆኖብኝ ነበር።

«ለምን አልነገሩንም?» ብዬ ጮህኩባቸው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

«እንዴ፣ እንግዳ ገና ከመግባቱ ብሶት ይነገረዋል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

እንግዲህ ይኼ ነው ጉዳችን። እኛ አገር «እንዴት ነህ?» ያለውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ማመስገን ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልትሞት ሰዓታት ሲቀሯት ጎረቤት ሲጠይቃት «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላለች። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ጽሕፈት ቤቱ ግን ይደውላል፣ «እንዴት ነዎት?» ይላል፣ «ተመስገን» ሲባል «ተጎብኝተዋል፣ ረክተዋል» ብሎ ይጽፋል። እኛ ደግሞ እናጨበጭባለን።

በማግስቱ የሰፈሩ ጎረምሶች ጋሽ ወልደ ሐዋርያትን በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አወረዷቸው። ሐኪሙ ቁስሉን አጽድቶ አሸገና ደብሪቱን ለብቻዋ ጠራት። እኔም ተከትዬ ገባሁ። «በየጊዜው ሲያወርዷቸው ቁስሉ እየተላጠ ይብሳል» አለን። «ነርስ ቤታቸው ድረስ እየሄደች ካላጠበችላቸው መመረዙ ወደ ደም ይገባል። ከዚያ በኋላ እኔም ምንም አላደርግላቸውም።» ደብሪቱ ሰምታ የጫማዋን ክር አጠበቀች። ደብሪቱ የጫማዋን ክር ስታጠብቅ እኔ እፈራለሁ።

በቀጥታ ሕሩይ ቢሮ ሄድን። ክፉ ሰው አይደለም፤ አጣደፈን እንጂ አላዋረደንም። ያለችው ነርስ ናዝሬት ብቻ ናት፣ አስፋልት ዳር ብትውል ብዙ ሰው ታያለች፣ ዳገቱን ስትወጣ ግን ቀኑ በሁለት ቤት ያልቅባታል አለን። የስልኩ ነገር በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ገብቷል፤ ምክር ቤቱ ካጸደቀው ቋሚ አሠራር ይሆናል። «ሰውዬው ራሳቸው ቅሬታ የለኝም እያሉ ምን ላድርግ?» አለ።

ከቢሮው ስንወጣ ደብሪቱ «ሪፖርቱ አይጸድቅም» አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ብቻሽን ነው የምትቀሪው» አልኳት።

«እኔ ብቻዬን ብቀር ወደ ቤቴ እገባለሁ። እሳቸው ብቻቸውን ቢቀሩ የት ይገባሉ?»

ከዚያ በኋላ የምክር ቤት አባላቱን ቤት ለቤት ዞረቻቸው። እኔም ሱቄን እየዘጋሁ ተከተልኳት። አንዱ «አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ» ይላታል፣ ሌላዋ ቡና አፍልታ አጽናንታ ትሸኛታለች። እሺ ያለ አንድም አልተገኘም። ከየደጁ ስንወጣ ወሽመጤ ይቆረጣል፤ እሷ የጫማዋን ክር ታጠብቅና ወደሚቀጥለው ቤት ታመራለች።

ጉባኤው ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። ነርስ ናዝሬትም ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። ሕሩይ ሪፖርቱን አንብቦ ሲጨርስ አፈ ጉባኤው በርናባስ ወደ ድምፅ ሊሄድ ሲል ደብሪቱ እጇን አወጣች። ያየችውን ተነሥታ ተናገረች። ሰው ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፣ አንዳንዱ ሰዓቱን ያያል።

ሕሩይ ፈገግ አለ። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ባለቤቱ እያሉ እኛ ምን አከራከረን? ይፈቀድልኝና ልደውልላቸው።» ደወለና ስልኩን ማይክሮፎኑ ላይ ደቀነው። «አባባ፣ ከጤና ጽሕፈት ቤት ነው። አገልግሎቱ እንዴት ነው?»

«ተመስገን የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት፤ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። «እናንተ እየጠየቃችሁኝ ምን ይጎድልብኛል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት ያሉት አጨበጨቡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደብሪቱ ግን ወደ መድረኩ ሄዳ ከሕሩይ እጅ ስልኩን ተቀበለችው።

«ጋሼ፣ ደብሪቱ ነኝ። እኔ እንግዳ አይደለሁም፤ ቁስልዎን ያየሁ ሰው ነኝ።»

«አወቅሁሽ እኮ።»

«ናዝሬት ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው መቼ ነው?»

ሕሩይ ሊናገር ሲል ደብሪቱ በእጇ አስቆመችው።

«ክረምት ሳይገባ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ታዲያ ለሚደውሉልዎት ሰዎች ለምን አልነገሩም?»

«ብጠይቅ የከሰስኳት ይመስላል ብዬ ነዋ። እንጀራዋን ላሳጣት? እሷ ልጅ እንዲሁ የምትቀር አይደለችም፤ አንድ ነገር ሆናለች። ታማ ነው እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሞታም እንደሆነ እያልኩ በጸሎቴ ስሟን አነሳለሁ። አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ፣ ደብሪቱ። አልደነግጥም።»

የሳቀ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ናዝሬት ከኋላ ተነሥታ በወንበሮቹ መሃል መጣች፤ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ነው። «አለሁ፣ ጋሼ። ናዝሬት ነኝ፤ አልሞትኩም። አትውጪ ተብዬ ነው እንጂ ዳገቱ አልከበደኝም።»

ከስልኩ ውስጥ ሽማግሌው ሲያለቅሱ ተሰማ። ሕሩይ ስልኩን መልሶ ተቀበለና «ይቅርታ አባባ» ብሎ ዘጋው። አፈ ጉባኤው ጉሮሮውን ጠርጎ «ሪፖርቱን የምትደግፉ» ሲል አንድም እጅ አልወጣም። «የምትቃወሙ» ሲል የደብሪቱ እጅ ቀደመ፣ የእኔ ተከተለ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሪፖርቱ ለጽሕፈት ቤቱ ተመለሰ፤ ለዳገቱ አንድ ነርስ እንድትመደብም ተወሰነ። ያጨበጨበ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ናዝሬት ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ ደብሪቱና እኔም አብረናት። ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን አጠበች፣ ዳር ዳሩን በጥንቃቄ አየችው። «ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ይድናል» አለች። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት እስክትጨርስ ድረስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ። ዕቃዋን ሰብስባ ልትነሳ ስትል በደህናው እጃቸው እጇን ያዟት።

«ነገ ብትቀሪ» አሏት፣ «እናገራለሁ።»