ለሁለት የተካፈለው ስፒከር

ባለቤቴ ክራር እየመታ የዘፈነበት አንድ ካሴት አለኝ። የቴፓችንን ሁለት ስፒከሮች ግራና ቀኝ አድርጌ መሐል ስቀመጥ፣ ድምፁ ከመካከላቸው፣ ከባዶው ግድግዳ ፊት ይመጣ ነበር፤ እዚያ የቆመ ይመስለኝ ነበር። ሲሞት ልጅ ስላልነበረን እህቱ ውርስ ጠየቀች። ስሟን አልጠራም። ሽማግሌዎቹ ዕቃውን እኩል ሲያካፍሉ ስፒከሮቹንም አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ አደረጉ።

«ኧረ አባቶቼ፣ እነዚህ ጥንድ ናቸው!» አልኩ።

«አይ ልጄ፣ አንዱስ ቢሆን ይናገር የለ?» አሉኝ አንደኛው። እሷ ሳቀች።

የደረሳትን ስፒከር ሉማሜ ከተማ ወስዳ ሻይ ቤቷ በር ላይ ሰቅላዋለች። የእኔም እንዳሉት ይናገራል። ድምፁ ግን ከሳጥኑ ብቻ ነው የሚመጣው። ወንበሬን ስንት ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዛወርኩ፤ እሱ ይቆምበት የነበረውን ቦታ አላገኘሁትም።